ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ እንዴት እንዳወጣሁ፣ ድልድዩን ስትሻገሩ ደግሞ ምን እንደሚቀየር

ሰላም ወገኖቼ። ስራ ቦታም ለቅሶ ቤትም ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ያንን የሽጉጥ ፈቃድ እንዴት አወጣኸው?» ስለሚለኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፣ ፌርፋክስ ካውንቲ የምኖር፣ ማታ ማታ ጋዝ ስቴሽን የምሰራ ሰው ነኝ። ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ሲቲዝን ገና አልሆንኩም፣ ይሄን ለምን እንደምናገር ወደታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ወረቀቱን ማውጣት እውነት ለመናገር ቀላል ነው። ከባዱ እኛ የምንኖርበት ቦታ ነው። ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተያይዘው ያሉበት አካባቢ) ውስጥ ሰው ቨርጂኒያ ያድራል፣ ሜሪላንድ ይሰራል፣ እሁድ ዲሲ ክርስትና ይጠራል፣ ሶስቱም ጋ ህጉ ለየቅል ነው። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረው የዉድሮው ዊልሰን ድልድይ እንኳ መሀል ላይ ቁራጭ የዲሲ መሬት ይነካል፣ ማለትም አንድ ድልድይ ላይ ሶስት ህግ አለ። አንዱ ጋ መብትህ የሆነው ነገር ሌላው ጋ እስር ቤት ያስገባሃል።

መጀመሪያ ማን ይችላል የሚለውን እንጨርስ። ቨርጂኒያ ውስጥ እድሜህ 21 ከሞላ ደብቀህ የመያዝ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለህ። ብዙ ሀበሻ «ሲቲዝን ካልሆንክ አይሰጡህም» ይላል፣ እንደዛ አይደለም፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል እኔም ያወጣሁት በሱ ነው። ግን ከግሪን ካርድ በታች ከሆንክ ፈቃዱ አይሰጥህም። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በስራ ቪዛ ላለ ሰው ደግሞ የፌደራሉ ህግ ከጥቂት ነገር በስተቀር፣ ለምሳሌ የአደን ፈቃድ ካለው፣ ሽጉጥ መያዝ ራሱን ይከለክላል፣ መያዝ ሲል ደግሞ መግዛት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከሀገር ቤት ለምርቃት የመጣ ወንድማችሁን ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ወስዳችሁ «እስቲ አንዴ ተኩስ» ብላችሁ ብትሰጡት ያም እንደመያዝ ይቆጠራል። አሳይለሙ ገና ያላለቀለት ሰውም ጠበቃውን ሳይጠይቅ እጁን ባያስገባ ይሻለዋል።

ሌላው ማንም የማያወራው ነገር ጫት ነው። አዎ ጫት። ሽጉጥ ስትገዛ የምትሞላው የፌደራል ፎርም፣ 4473 የሚባለው፣ በህግ የተከለከለ ዕጽ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ህግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ ሀገር ቤት ህጋዊ ነው ብሎ ነገር እዚህ አይሰራም። ማሪዋናም እንደዛው፣ ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ሜሪላንድ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ለአዋቂ ፈቅደዋል ግን ፌደራሉ አልፈቀደም፣ ፎርሙም ላይ ይሄው በስቴት ቢፈቀድም በፌደራል ክልክል ነው ብሎ በግልጽ ጽፎታል። እዚያ ላይ «አልጠቀምም» ብሎ ፈርሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በርጫ የሚቀመጥ ሰው ለፌደራል መንግስት ዋሽቷል ማለት ነው። ከሁለት አንዱን መርጦ መኖር ነው።

ዜግነት የሚለው ጥያቄ ላይም ተጠንቀቁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በስህተትም ሆነ በችኮላ «ሲቲዝን ነኝ» የሚለው ላይ ምልክት ካደረገ ጉዳዩ ከሽጉጥ አልፎ ወደ ኢሚግሬሽን ይሄዳል፣ ሲቲዝን ሳይሆኑ ነኝ ማለት ለብቻው ሰውን ሊያስባርር የሚችል ነገር ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ ካልገባችሁ ሻጩን ጠይቁት፣ ከኋላ ሰልፍ አለ ብላችሁ አትደንግጡ።

አሁን ፈቃዱን ለማውጣት ወደሚያስፈልገው የሽጉጥ ክላስ። ድሮ ኦንላይን ቪዲዮ አይቶ ሰርተፊኬት ፕሪንት ማድረግ ይቻል ነበር፣ ከ2021 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ግን ቨርጂኒያ ያንን አስቀርታዋለች፣ በአካል ቀርበህ መማር አለብህ። አሁንም ኦንላይን እንሰጣለን የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ፣ ለቨርጂኒያ ነዋሪ ብላችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ። እኔ የሄድኩበት ክላስ ጠዋት ወንበር ላይ ከሰዓት ሬንጅ ነበር፣ አስተማሪው የድሮ ወታደር፣ ቀልድ የማይወድ፣ ግን ጥያቄ ስትጠይቀው ደስ የሚለው ሰውዬ። እኛ ሀገር ቤት መሳሪያ እያየን ነው ያደግነው፣ የአባቴ ምንሽር ግድግዳ ላይ ነበር የሚሰቀለው፣ ሰርግ ላይ ወደሰማይ ሲተኮስ እልል ይባላል፣ ስለዚህ ክላስ ስገባ ይሄን ምን ያስተምረኛል ብዬ ነበር። ሰውዬው የጠዋቱን ግማሽ የጨረሰው ስለመተኮስ ሳይሆን ስለጣት ነው። ጣትህ ዒላማህን አይተህ ልትተኩስ እስክትወስን ድረስ ከምላጩ ውጪ፣ ሽጉጡ ጎን ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አፈሙዙን ልታጠፋው የማትፈልገው ነገር ላይ አታዙር፣ ሁሉንም ሽጉጥ ጥይት እንዳለበት ቁጠረው፣ ከዒላማህ ጀርባ ምን እንዳለ እወቅ። ባዶ ሽጉጥ አስይዞን ይሄን ደጋግሞ ያሰራናል፣ አጠገቤ የነበረች ነርስ ሳታስበው ጣቷን ባስገባች ቁጥር ስሟን ብቻ ይጠራታል፣ ሌላ ምንም አይላትም።

ሬንጅ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ አንገቱ የተዘጋ ልብስ ልበሱ፣ ለሴቶችም ጭምር ነው። ሽጉጥ ሲተኮስ ቀለሁ በቀኝ በኩል ይወረወራል፣ ግድግዳ መትቶ ተመልሶ አንገት ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ትኩስ ነው። ቀለህ አንገቱ ውስጥ የገባበት ሰው ደግሞ በደመነፍስ ሽጉጡን እንደያዘ ዞሮ ልብሱን ማራገፍ ይጀምራል፣ አስተማሪዎች በጣም የሚፈሩት እሱን ነው። «ይቃጠል፣ መጀመሪያ ሽጉጡን አስቀምጥ» ነው ያለን።

ሰርተፊኬቱን ከያዝክ በኋላ ያለው ወረቀት ነው። ማመልከቻው ኤስፒ-248 ይባላል፣ የስቴት ፖሊስ ዌብሳይት ላይ ታገኘዋለህ። መሃላ ስላለበት ኖተሪ ፊት ነው የሚፈረመው፣ ቤትህ ቁጭ ብለህ ቀድመህ እንዳትፈርም። የምታስገባው ለፖሊስ ሳይሆን ለምትኖርበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪት ኮርት ነው፣ ክፍያው በህግ ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ከዛ በላይ አስከፍዬ አስወጣላችኋለሁ የሚል ደላላ ከመጣባችሁ ሸኙት። ኮርቱ ባክግራውንድ ቼክ አድርጎ በ45 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ፈቃዱ 5 ዓመት ይሰራል። የሚያስከለክሉ ነገሮች ዝርዝር አለ፣ እኛ ሰፈር ሰው የሚያስመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠጥቶ መንዳት ነው፣ ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ የተፈረደበት ሰው አያገኝም። ፕሮቴክቲቭ ኦርደር (ሰው ጋ እንዳትደርስ የሚል የኮርት ትእዛዝ) ያለበትም አያገኝም፣ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ኮርት የቆመ ሰው ይሄን አስቀድሞ ያጣራ።

ፈቃዱና ግዢው ለየብቻ ናቸው። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መግዛት ትችላለህ፣ ቤትህና ሱቅህ ውስጥም (ሱቁ ያንተ ከሆነ) ልታስቀምጠው ትችላለህ፣ ፈቃዱ የሚያስፈልገው ልብስህ ስር ደብቀህ ስትወጣ ነው። ስትገዛ መታወቂያህ ላይ ያለው አድራሻ አሁን የምትኖርበት መሆን አለበት፣ እኛ ደግሞ ቤት ስንቀያይር መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መስሪያ ቤት (እሱም ዲኤምቪ ነው የሚባለው) ሄዶ አድራሻ መቀየር አይሆንልንም፣ ብዙ ሰው ካውንተር ላይ የሚመለሰው በዚህ ነው። ሜሪላንድ ያለ ሱቅ ረከሰ ብለህ ሄደህ ሽጉጥ ገዝተህ መመለስ አትችልም፣ በፌደራል ህግ ሽጉጥ የሚገዛው በምትኖርበት ስቴት ነው።

እና እባካችሁ ለሰው አትግዙ። የኛ ሰው እሺ ባይ ነው፣ የአክስት ልጅ ወረቀት የለኝምና ባንተ ስም ግዛልኝ፣ ብሩን እኔ እሰጥሃለሁ ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል። ፎርሙ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ትልቅ ነገር የምትገዛው ለራስህ ነው ወይ የሚለው ነው፣ መግዛት ለማይችል ሰው ገዝቶ መስጠት ከ2022 ጀምሮ ራሱን የቻለ የፌደራል ወንጀል ሆኖ እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ሻንጣ ውስጥ አድርጎ ሀገር ቤት መላክ የሚያስብም አይጠፋም፣ እሱም በሁለቱም ሀገር ወንጀል ነው።

እንግዲህ ድልድዩ። የቨርጂኒያ ፈቃድ ሜሪላንድ ውስጥ አይሰራም። ዲሲም አይሰራም። ሁለቱም የማንንም ስቴት ፈቃድ አይቀበሉም፣ የራሳቸውን አውጣ ነው የሚሉት። ድሮ እዛ ማውጣት ለተራ ሰው የማይታሰብ ነበር፣ ልዩ ምክንያት አሳይ ይሉሃል። የዲሲው በፍርድ ቤት የወደቀው በ2017 ነው፣ ሜሪላንድ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2022 የኒውዮርኩን ተመሳሳይ ህግ ከጣለ በኋላ ተወችው። አሁን ማንም ሰው ማመልከት ይችላል ግን መንገዱ ይረዝማል። ሜሪላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ 16 ሰዓት ክላስ፣ የጣት አሻራ፣ የተኩስ ፈተና፣ 125 ዶላር፣ የሚሰራውም መጀመሪያ 2 ዓመት ነው። ገና ሽጉጥ ለመግዛት ራሱ ከ2013 ጀምሮ ኤችኪውኤል የሚባል ሌላ ላይሰንስ ትጠይቃለች። ዲሲ 16 ሰዓት ክላስና 2 ሰዓት ሬንጅ፣ በዛ ላይ ሽጉጡ ራሱ ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለበት። የዲሲውን ፈቃድ ይዘህም ሜትሮ ባቡርና አውቶቡስ ላይ ይዘህ መሳፈር አትችልም። እኔ የቨርጂኒያውን ብቻ ነው ያወጣሁት፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዲሲ ዩ ስትሪት የምሄድ ከሆነ ቤት ይቀራል፣ በቃ።

ዲሲ ላይ በጣም የሚገርመው ጥይቱ ነው። ሽጉጡ ቤትህ ቀርቶ አንዲት ጥይት ብቻ መኪናህ ውስጥ ብትገኝ እንኳ ክስ አለው። ሬንጅ የሄደ ሰው ሳጥኑ ተከፍቶ አንዷ ወንበር ስር ትንከባለልና ይረሳታል፣ ከዛ ሰኞ ጠዋት ዲሲ ስራ ይገባል። ስለዚህ ከሬንጅ ስትመለሱ ምንጣፉን አንስታችሁ፣ የወንበሩን ሀዲድ በስልክ መብራት አይታችሁ፣ የጃኬት ኪስ ገልብጣችሁ ነው መኪና የሚዘጋው። ሚስቴ በዚህ ትስቅብኛለች፣ እኔ ግን አላቆምም።

ስቴት አቋርጦ መሄድ የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወደ ፔንሲልቬኒያ ስትነዳ፣ የፌደራል ህግ የሚሰጥህ መተላለፊያ አለ፦ ከተነሳህበትም ከምትደርስበትም ቦታ መያዝ የሚፈቀድልህ ከሆነ፣ ጥይቱ ወጥቶ፣ ሽጉጡም ጥይቱም ከመቀመጫህ እጅህ የማይደርስበት ቦታ፣ ትራንክ (የመኪናው የኋላ እቃ መጫኛ) ውስጥ፣ ትራንክ የሌለው መኪና ከሆነ በተቆለፈ ሳጥን። ዳሽቦርዱ ኪስና መሀል ያለው ኮንሶል ቢቆለፍም አይቆጠርም። መንገደኛ ነህ ማለት ግን መንገደኛ ሁን ማለት ነው፣ መሀል ላይ ዘመድ ጥየቃ ገብቼ ልደር ካልክ ያ መከላከያ ሊያመልጥህ ይችላል።

ለምን እንዲህ አከረርከው ለምትሉ፣ ግሪን ካርዱን አስታውሱ። አንድ አሜሪካዊ ድልድዩን ረስቶ ቢሻገርና ቢያዝ ጠበቃ ይይዛል፣ ሊቀጣም ይችላል፣ ከዛ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በኢሚግሬሽን ህግ ግን ከጦር መሳሪያ ጋር በተያያዘ ጥፋተኛ መባል ራሱን ችሎ የመባረሪያ ምክንያት ነው፣ ቀላል ክስ ይሁን ከባድ ይሁን ብዙ ለውጥ የለውም። «ጥፋተኛ ነኝ በልና በትንሽ ቅጣት እናስጨርስልህ» የሚል ጠበቃ ከገጠማችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታናግሩ ምንም አትፈርሙ። እኔ ልጆቼ እዚህ የተወለዱ ሰውዬ ነኝ፣ ሽጉጥ ያወጣሁት እነሱን ልጠብቅ ብዬ ነው እንጂ ተለይቻቸው ቦሌ ልወርድ አይደለም።

ስራ ቦታ ስለመያዝ። የኔ አሰሪ በቃልም በጽሁፍም ፈቅዶልኛል፣ ካልፈቀደ ያንተ ፈቃድ ከስራ ከመባረር አያድንህም። ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ደግሞ ሁለቱም ካምፓኒዎች ሽጉጥ ይዞ መንዳትን ይከለክላሉ፣ የስቴት ፈቃድ ኖረህ አልኖረህ ግድ የላቸውም፣ አካውንትህን ይዘጉታል። ክላስ ላይ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን አስተማሪው ስለቢራ የተናገረው ነው። አንድ ልጅ ሁለት ካርቶን ቢራ አንስቶ ሳይከፍል ቢሮጥ ምን ታደርጋለህ አለኝ። ሳስብ «ምንም» አለኝ። ንብረት ለማስመለስ ሰው ላይ መተኮስ አይፈቀድም፣ አይደለም መተኮስ ለማስፈራራት አውጥተህ ብታሳየው ብራንዲሺንግ ይባላል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ነው። ሽጉጡ የሚወጣው ራስህ ወይም ሌላ ሰው ሊሞት ወይም ክፉኛ ሊጎዳ ነው ብለህ በቂ ምክንያት ኖሮህ ስታምን ብቻ ነው። ከዛ ቀን ወዲህ ካዝናውን ክፈት የሚለኝ ሰው ቢመጣ ብሩን ሰጥቼ መሸኘት ነው የወሰንኩት፣ ብሩ የኔ አይደለም፣ ኢንሹራንስ አለው።

የት የት አይገባም ለሚለው፣ ኮርት፣ ትምህርት ቤት፣ ኤርፖርት ተርሚናል፣ የስቴት መንግስት ህንጻዎች አይገባም። ፖስታ ቤት ህንጻው ብቻ ሳይሆን ፓርኪንጉም ፌደራል ነው፣ እቃ የሚልክ ሰው ይሄን አይረሳ። ፌርፋክስና አሌክሳንድሪያ ደግሞ በራሳቸው ህግ የከተማ ህንጻና ፓርክ ላይ ከልክለዋል፣ ልጆች መናፈሻ ይዤ ስወጣ አልታጠቅም። ሬስቶራንት መግባት ይቻላል ግን ደብቀህ ይዘህ ከሆነ አልኮል መቅመስ የለም፣ አንድ ጠጅ ምን ያደርጋል የሚባልበት ቦታ አይደለም። ቤተክርስቲያን ላይ ቨርጂኒያ የድሮ ህግ አላት፣ አምልኮ እየተካሄደ በቂ ምክንያት ሳይኖርህ መሳሪያ ይዘህ እንዳትገባ ይላል። በቂ ምክንያት ምንድነው የሚለው ላይ ሰው ይከራከራል፣ እኔ አልከራከርም፣ ጫማዬን አውልቄ የምገባበት ቦታ ሽጉጥ ይዤ አልገባም። የጥበቃ ኮሚቴ ያላቸው ደብሮች ከፈለጉ በአስተዳደሩ በኩል በጽሁፍ ይወስኑ፣ ሰው በየራሱ ታጥቆ ቅዳሴ አይቁም።

ፖሊስ ቢያስቆምህ ቨርጂኒያ ውስጥ ቀድመህ ሽጉጥ አለኝ የማለት ግዴታ የለብህም፣ ሲጠይቅህ ግን ፈቃዱንና ፎቶ ያለው መታወቂያ ማሳየት አለብህ። ዲሲ ፈቃድ ካለህ ግን ቀድመህ መናገር ግዴታ ነው። እኔ ግዴታ ባይኖርብኝም እናገራለሁ፣ ጥቁር ነኝ፣ ንግግሬ ላይ አክሰንት አለ፣ ማታ ነው የምነዳው። የማደርገው እንዲህ ነው፦ መስኮት አወርዳለሁ፣ የውስጥ መብራት አበራለሁ፣ ሁለት እጄን ስቲሪንግ ላይ አደርጋለሁ፣ ቀስ ብዬ ፈቃድ እንዳለኝና ሽጉጡ የት እንዳለ እነግረዋለሁ፣ ምን ላድርግ ብዬ እጠይቀዋለሁ። «ሽጉጥ» የሚለውን ቃል ከአፌ ሳላወጣ «ፈቃድ አለኝ» ብዬ ነው የምጀምረው። ላይሰንሴን ከሽጉጡ ተቃራኒ ኪስ ነው የማስቀምጠው፣ እጄ ወደዛ እንዳይሄድ።

ቤት ውስጥ ባለቤቴ አንድ ነገር ነው የጠየቀችው፣ «ልጆቹ የማይከፍቱት ሳጥን ሳይመጣ ሽጉጡ አይመጣም» አለች፣ ሳጥኑ ቀድሞ መጣ። ቨርጂኒያ እስከ 1,500 ዶላር ለሚሸጥ የሽጉጥ ካዝና ሴልስ ታክስ አታስከፍልም፣ ስለዚህ ረከስ ያለው ላይ አትንጠልጠሉ። ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ አደጋ ላይ እንዲወድቅ የጎረሰ ሽጉጥ በቸልተኝነት ክፍቱን መተው ወንጀል ነው። እንግዳ የሚበዛበት ቤት ነው የኛ ቤት፣ የሰው ልጅ መኝታ ቤት ገብቶ ኮት ስር ይተኛል፣ ትራስ ስር የሚባል ነገር እርሱት። ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ ደግሞ ካወቃችሁበት ሰዓት ጀምሮ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማስታወቅ አለባችሁ፣ የሽጉጡን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

እድሳቱ ፈቃዱ ከማለቁ 180 ቀን ቀደም ብሎ መጀመር ይቻላል፣ እንደገና ክላስ አያስገቡህም። የቨርጂኒያ አዲስ ህጎች አብዛኛውን ጊዜ ጁላይ 1 ነው ስራ ላይ የሚውሉት፣ ስለዚህ በየዓመቱ ጁን መጨረሻ ላይ የስቴት ፖሊስን ገጽ ገብታችሁ እዩ፣ እኔ እዚህ የጻፍኩትም ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና ከኔ ይልቅ እሱን እመኑ።